"ነገ እጀምራለሁ" ለምትሉ ሁሉ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር፣ የዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ አካባቢ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለኝ። ሪሰርች እንተይባለን፣ ፕሪንት እናደርጋለን፣ እንጠርዛለን። ሥራውን ሲያሳድር የከረመ ሰው መጨረሻ ላይ የሚመጣው እኛ ጋ ነው። ከዚያ የተነሣ ስለ ጉዳዩ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ኖሬያለሁ፤ ደንበኞቼም ይጠይቁኛል። ሐኪም አይደለሁም። ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከነመልሱ ከታች አስቀምጫለሁ፤ ለእያንዳንዱ ጠያቂ እንደ አጠያየቁ ነው የመለስኩት።

ሥራ ማሳደር ስንፍና ነው እንዴ? እናቴ "ሰነፍ" እያለች ነው ያሳደገችኝ።

አይደለም። ሰነፍ ሰው አይጨነቅም። ቀን ተኝቶ ይውላል፣ ማታም ተኝቶ ያድራል። አንተ ግን ስትበላም እያሰብከው ነው፣ ጓደኛህ ሲቀልድ እየሳቅህም "ያ ነገርስ?" የሚል ድምፅ ውስጥህ አለ። ሥራውን ሳትሠራ ድካሙን ትደክማለህ።

ቲሞቲ ፒቺልና ፉሻ ሲርዋ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ነገሩን ከጊዜ አጠቃቀም ይልቅ ከስሜት ጋር ያያይዙታል። ሥራው ሲታሰብ አንድ ደስ የማይል ስሜት ይመጣል። ሥራውን ገፋ ስታደርገው ስሜቱ ወዲያው ቀለል ይላል። ሰውን ሱስ የሚያስይዘው ይሄ ቅለት ነው። ቤቱን ጠርጎ የማያውቅ ወንድ ምዕራፍ ሁለት ላይ ሲደርስ መጥረጊያ ፍለጋ የሚነሣው ለዚህ ነው፤ መጥረግ አምሮት ሳይሆን ምዕራፍ ሁለት አስፈርቶት።

ስለዚህ ፕሮግራም ማውጣት ብቻውን ብዙ አይረዳም። በአራት ቀለም እስክሪብቶ ያጌጠ የጥናት ፕሮግራም ኮፒ አድርጌ ለስንቱ ሰጥቻለሁ።

እሺ፣ የምሸሸው ስሜቱን ከሆነ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ የትኛው ስሜት እንደሆነ እወቅ። ወረቀት አውጣና ሥራውን ስታስብ የሚሰማህን ጻፍ። "ይደብረኛል" አይበቃም። ምኑ ነው የሚደብረው?

ፍርሃት ከሆነ፣ ማለትም "አድቫይዘሬ ገና ሲያየው ይስቅብኛል" የሚል ነገር ከሆነ፣ ማንም የማያየው መጥፎ ድራፍት ጻፍ። ሆን ብለህ መጥፎ። ፋይሉንም "ቆሻሻ" ብለህ ሰይመው። ቀልድ ይመስላል ግን ይሠራል፤ ቆሻሻ ተብሎ የተሰየመ ፋይል ውስጥ ስሕተት መጻፍ አያስፈራም፣ የተጻፈን ነገር ማረም ደግሞ ከባዶ ገጽ ጋር ከመፋጠጥ በብዙ ይቀላል።

ግራ መጋባት ከሆነ (እኔ እንዳየሁት ከግማሽ በላዩ ይሄ ነው) ሥራው ሥራ ሆኖ አልተቀመጠልህም ማለት ነው። "ምዕራፍ ሦስትን መጨረስ" ሥራ አይደለም፣ ርዕስ ነው። የናሙና ብዛቱን ማስያ ቀመር ለሚያውቅ ልጅ ደውሎ መጠየቅ ግን ሥራ ነው። ሳምንት ሙሉ ሲተኛበት የከረመ ልጅ አንድ ስልክ ደውሎ በሩብ ሰዓት የጨረሰውን ነገር እዚሁ ቆሜ አይቻለሁ።

መሰልቸት ከሆነ የምትወደውን ነገር ከሥራው ጋር እሰረው። ያንን የምትወደውን ዘፈን የምትሰማው ዳታ ስታስገባ ብቻ ይሁን፣ ሌላ ጊዜ አትስማው።

አራተኛው ቂም ነው፤ ይሄኛውን ሰው አይናገረውም። ሳትፈልግ የተመደብክበት ዲፓርትመንት፣ ያልመረጥከው ርዕስ፣ ቤተሰብ የጫነብህ ነገር። በቂም የምትሠራውን ሥራ በዘዴ ልታታልለው አትችልም። "ይሄን አልወደውም፣ የምሠራው ለወረቀቱ ነው" ብለህ ለራስህ አምነህ ብትቀበል ይሻላል። መውደድ የለብህም። ማስረከብ ነው ያለብህ።

ችግሬ መጀመር ነው። ከጀመርኩ በኋላ እሠራለሁ። ግን እንዴት ልጀምር?

መጀመሪያውን አሳንሰው፣ አሁንም አሳንሰው፣ እስኪያስቅህ ድረስ። "አንድ ገጽ እጽፋለሁ" ትልቅ ነው። "ፋይሉን ከፍቼ የመጨረሻውን አንቀጽ አነባለሁ" ደህና ነው። ለ5 ደቂቃ ብቻ እሠራለሁ በል፤ 5 ደቂቃው ሲያልቅ መተው ከፈለግህ ተው፣ የምር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ራሱን ያጭበረብራል። "5 ደቂቃ" ብሎ ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ራሱን ያስገድዳል፣ በሚቀጥለው ቀን አእምሮው "አውቄብሃለሁ" ይለዋል። ቃልህን ጠብቅ። ግን ከ5 ደቂቃ በኋላ የመነሣት ፍላጎቱ አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ አስቀያሚው ስሜት ያለው በሩ ላይ ነው፣ ውስጥ ገብቶ ብዙ አይቆይም።

ሌላ ትንሽ ዘዴ፦ ማታ ስታቆም አረፍተ ነገሩን አትጨርሰው። መሐል ላይ ተወው። ጠዋት ስትመጣ ምን እንደምትጽፍ ታውቃለህ።

ሁልጊዜ ማታ "ነገ ጠዋት" እላለሁ። ጠዋት ሲሆን ግን የለሁም። ኤግዚት ኤግዛም ደርሶብኛል።

እህቴ፣ "ነገ ጠዋት" ሰዓትም ቦታም የለውም። ለዚህ ነው የሚያመልጥሽ።

ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው አንድ ጥናት አለ። ጀርመን ውስጥ ለተማሪዎች የገናን ዋዜማ እንዴት እንዳሳለፉ በ48 ሰዓት ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ተነገራቸው። ግማሾቹ የት ቦታና መቼ እንደሚጽፉት አስቀድመው እንዲወስኑ ተደረገ፤ ሌሎቹ እንዲሁ ተተዉ። ቦታና ጊዜ ከወሰኑት ከ10 ሰው 7ቱ ያህል በጊዜው ጻፉ። ከሌሎቹ ከ10 ሰው 3ቱ ያህል ብቻ። በዓል ላይ፣ በቤተሰብ መሐል። የለወጠው ነገር አንድ አረፍተ ነገር ነው።

አረፍተ ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው፦ "ይሄ ሲሆን ይሄን አደርጋለሁ።" ሰዓት ከምትቆርጪ ይልቅ በቀንሽ ውስጥ መምጣቱ የማይቀር ነገር ላይ ብታንጠለጥይው ይሻላል። "ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ነጠላዬን እንዳወለቅሁ፣ ጥያቄ ቁጥር 1ን እሠራለሁ።" "ቁርስ የበላሁበት ሰሃን እንደታጠበ ደብተሬን እከፍታለሁ።" ሲመጣ አታስቢም፣ አትከራከሪም፤ ክርክሩ ትናንት አልቋል። በአታ ለማርያም አቋቋም የሚማረው ተማሪ በየቀኑ "ዛሬ ልማር ወይስ ልተው?" እያለ ከራሱ ጋር አይሟገትም፤ እኛ ግን በየማለዳው ሸንጎ እንቀመጣለን።

እንቅፋቱንም በዚሁ አያያዝ ያዢው። እኛ ከተማ እንቅፋቱ ይታወቃል፦ መብራት። "መብራት ሲጠፋ በወረቀት የታተሙትን ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች እሠራለሁ" ብለሽ ዛሬውኑ ወስኚ፣ ጥያቄዎቹንም ዛሬውኑ ፕሪንት አድርጊ። (ነጋዴ ስለሆንኩ ያልኩት እንዳይመስልሽ። በእጅሽ ገልብጪው፣ ለእኔ ግድ የለም።) ያላሰበበት ሰው መብራት ሲጠፋ ደስ ይለዋል፤ ያሰበበት ወረቀቱን ያወጣል።

ራሴን ጋውን ለብሼ፣ ተመርቄ እያየሁ ልነቃቃ እሞክራለሁ። ለምን አይሠራልኝም?

ጋብሪኤሌ ኦቲንገን የተባለች ጀርመናዊት ተመራማሪ ይሄን ለዓመታት አጥንታለች። ጥሩውን መጨረሻ ብቻ እያለሙ መደሰት ጉልበት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም የሚል ነገር ነው ያገኘችው። አእምሮ በሐሳብ የተመረቀ ጊዜ የረካ ይመስለዋል። እሷ የምትለው፣ መጨረሻውን አስብ፣ ወዲያው ግን ከውስጥህ የሚያደናቅፍህን ነገር ፊት ለፊት አምጣው፣ ከዚያ "ይሄ ሲመጣ ይሄን አደርጋለሁ" በል። ጋውኑን ማየት ክልክል አይደለም። ጋውኑን አይቶ መተኛት ነው ችግሩ።

ልሥራ ስል ለቅሶ ይመጣል፣ ማኅበር ይመጣል፣ ክርስትና ይመጣል። ጎንደር እየኖሩ ይሄ ሁሉ ዘዴ እንዴት ይሆናል?

ለቅሶ ይደረሳል። እዚህ ላይ ክርክር የለም፤ "ሥራ ስላለብኝ" ብለህ ከጎረቤት ቀብር ብትቀር ቀሪ ዘመንህን ስትካስ ትኖራለህ።

ግን አንድ ነገር ልንገርህ። እኛ ሥራ የምናሳድረው ተጋድመን አይደለም። ሰው የማይወቅሰው ምክንያት ይዘን ነው። አክስቴን አሟታል፣ ዛሬ ሚካኤል ነው፣ የእገሌ ልጅ ተመርቋል፣ ዕድር ተጠርቷል። እያንዳንዱ እውነት ነው፣ ለዚያም ነው አደገኛ የሆነው። ቲክቶክ ላይ የዋለ ሰው ማታ ይጸጸታል። አክስቱ ጋ የዋለ ሰው ግን ምርቃት ተቀብሎ ነው የሚመጣው፣ ፕሮፖዛሉ ግን ያው እዚያው ነው።

መለያው ይሄ ነው፦ ስልኩ ጮኸና ጠሩህ። በዚያች ቅጽበት ውስጥህ ምን አለ? "እፎይ" ካለ እየሸሸህ ነው። ብትሄድ ምንም አይደለም፣ ግን እየሸሸህ እንደሆነ እያወቅህ ሂድ። ቀብሩ ካለቀ በኋላ ድንኳን ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት ካርታ የሚያስይዝህ ሐዘንተኛው ነው ወይስ ቤት የሚጠብቅህ ፋይል? ቡናው ላይስ፣ በረካውን ጠጥተህ "ጨዋታው ጣፈጠኝ" ብለህ ሌላ ሰዓት ስትጨምር ማን ይዞህ ነው?

ሁለት ነገር ይረዳል። አንደኛ፣ ከቤት ከመውጣትህ በፊት ሥራውን ንካው። 10 ደቂቃም ቢሆን። ነክተኸው የወጣኸው ሥራ ስትመለስ አያስፈራህም፤ ሳትነካው የወጣኸው ግን ስትመለስ አድጎ ይጠብቅሃል። ሁለተኛ፣ የማትሠራበትን ቀን በግልጽ አውጅ። ጥምቀትን ተመልከት። ከከተራ ጀምሮ ፋሲል መዋኛ ውለህ፣ ጥር 12 ሚካኤልን ሸኝተህ፣ በዚያ መሐል "ማታ ማታ እጽፋለሁ" ብሎ የሚያቅድ ሰው ራሱን እየዋሸ ነው። "ከጥር 9 እስከ 13 አልሠራም" በል። በግልጽ። ከዚያ ያለ ጸጸት ጨፍር። ዕረፍት ብለህ የወሰንከው ቀን ያሳርፋል፤ ላፕቶፕ ተሸክመህ ለበዓል የሄድክበት ቀን ግን ሥራም አይሆን በዓልም አይሆን።

እኔ ግን ጫና ካልመጣ አይሠራልኝም። በመጨረሻው ሌሊት ነው ጭንቅላቴ የሚበራው።

ይሄን ከሁሉም በላይ እሰማለሁ፤ የሚነግሩኝም ከመጨረሻው ሌሊት ማግስት ቆመው ነው።

ዳያን ታይስና ሮይ ባውማይስተር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት አሜሪካ ውስጥ ተማሪዎችን በሴሚስተር ሙሉ ተከታትለዋል። ሥራ የሚያሳድሩት መጀመሪያ ላይ ከሌሎቹ ያነሰ ጭንቀት ነበረባቸው፣ ደስ ብሏቸው ነው የከረሙት። መጨረሻው ሲቃረብ ግን ከሌሎቹ በላይ ተጨነቁ፣ በላይም ታመሙ፤ ውጤታቸውም ዝቅ ያለ ነበር። ስለዚህ ሌሊቱ "የሚያበራህ" ሌላ ምርጫ ስላልቀረህ ነው።

እኛ ጋ ያለውን ደግሞ ልንገርህ። ማስረከቢያው ነገ ጠዋት ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ ልጁ ፍላሹን ይዞ ይገባል። ፍላሹ ቫይረስ አለበት፣ ፋይሉ ተደብቋል። ሲገኝ ቴብሎቹ ገጽ ዘለዋል፣ የገጽ ቁጥሩ ከማውጫው ጋር አይገጥምም፣ አማርኛው መጠይቅ በእሱ ላፕቶፕ ላይ ባለ ፎንት ተጽፎ እኛ ጋ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ይታያል። ከኋላው ሌሎች ቆመዋል። ያኔ መብራት ትሄዳለች። እንግዲህ የዚያ ልጅ ጽሑፍ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ግን ዕጣውን ለጄኔሬተር ነው የሰጠው። ጫናው ጭንቅላትህን ቢያበራውም ፕሪንተሩን አያበራውም።

ጫና ከወደድህ ቀደም ብለህ ፍጠረው። ለአንድ የምታከብረው ሰው "ዓርብ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ምዕራፍ አንድን አሳይሃለሁ" በል። ጓደኛህ አይሁን፣ ጓደኛህ "አይዞህ፣ ሰኞ ታሳየኛለህ" ይልሃል። ስታፍርበት የምታውቀው ሰው ይሁን።

ሥራው በ3 ቀን ያልቃል ብዬ አስቤ ሁልጊዜ ለምን አያልቅም?

ያንተ ብቻ አይደለም። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1979 እ.ኤ.አ. ይሄን የሰው ልጅ ሁሉ ድክመት አድርገው ጽፈውታል። በ1994 ደግሞ ሮጀር ቡህለርና ባልደረቦቹ ካናዳ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፉ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠየቁ። በአማካይ 34 ቀን ያህል ገመቱ። የፈጀባቸው 55 ቀን ያህል ነው።

ለራስህ ስትገምት ያለ እንቅፋት የሚሄደውን መንገድ ብቻ ነው የምታየው። ስለዚህ "ስንት ቀን ይፈጅብኛል?" አትበል። "ያለፈው ጊዜ ስንት ቀን ፈጀብኝ?" በል። ከዚያ የአድቫይዘር ጉዞ፣ የኔትወርክ መጥፋት፣ የመጠይቅ አሞላል ጨምርበት። መጠይቅ ሞልተው የሚመልሱ ሰዎችም እንዳንተው ነገ ነገ የሚሉ ናቸው።

25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ ማረፍ የሚባለው ይሠራል?

ይሠራል፤ በተለይ ለሚሰለች ሥራ። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣልያናዊ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተማሪ እያለ በቲማቲም ቅርጽ የተሠራ የወጥ ቤት ሰዓት ይዞ የጀመረው ነው። ሐሳብ ለመያዝ ጊዜ ለሚወስድ ጽሑፍ ግን 25 ደቂቃ ያንሳል፣ ገና ሲሞቅልህ ይጮህብሃል። ያኔ 50 አድርገው። ዕረፍቱ ላይ ስልክ አትንካ፤ የዕረፍቷ 5 ደቂቃ ስልክ ላይ 5 ደቂቃ ሆና አታውቅም።

ስልኩንስ?

ሌላ ክፍል አስቀምጠው። አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ ያለህ ለአከራይህ ስጣቸው። ስለ ስልክ ከዚህ የሚበልጥ ዘዴ አላውቅም።

ሱቅ አለኝ። የቀን ሽያጩን መዝግቤ አላውቅም፤ የግብር ጊዜ ሲመጣ ደሜ ይነሣል። ይሄ የልጆች ነገር ለኔ ቢጤ ሽማግሌ ይሆናል?

ጋሼ፣ እንዲያውም ለእርስዎ ነው የሚቀለው፤ ሱቅ በየቀኑ ይዘጋል። ደብተሩን ከሱቁ ቁልፍ ጋር አንድ ላይ ያስቀምጡት፣ ቁልፉን ለማንሣት ደብተሩን መንካት ግድ እንዲሆንብዎ። የዕለቱን ሽያጭና ወጪ ሁለት መስመር ይጻፉ፣ ከዚያ ይቆልፉ።

ያለፈውን ዓመት አሁን አይንኩት። ሰው የሚሸሸው የተከመረውን ነው፤ "ከመስከረም ጀምሮ ያለውን ላስተካክል" ብለው ከጀመሩ በሁለተኛው ቀን ይተዉታል። ከዛሬ ይጀምሩ። የዛሬው ልማድ ሲይዝልዎ የድሮውን ደረሰኝ ከልጆቹ አንዱን አስቀምጠው በአንድ እሑድ ይለዩታል።

ልጄ 12ኛ ክፍል ነው። "አጥና" ብዬ ብዬ ደከመኝ። ምን ልበለው?

እትዬ፣ "አጥና" ማለቱን ለጊዜው ይተዉት። እሱም ያውቀዋል፤ ሲሰማው የሚጨምርለት ነገር ጥፋተኛነት ነው፣ ጥፋተኛነቱን ደግሞ ስልኩ ውስጥ ገብቶ ነው የሚረሳው። "የትኛው ትምህርት ነው ያስጠላህ? ምኑ ጋ ነው የጠፋብህ?" ይበሉት። ብዙ ጊዜ አንድ ምዕራፍ ነው፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያልገባው።

ሌላው፣ አጠገቡ ይቀመጡ። ሳይናገሩ። ምስር ይልቀሙ፣ ጥጥ ይፍተሉ፣ የራስዎን ሥራ ይዘው። ሰው ሌላ የሚሠራ ሰው አጠገቡ ሲኖር መቀመጥ ይቀለዋል፤ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪው የሚሞላው በመጽሐፉ ብዛት ብቻ እንዳይመስልዎ።

ወሩን ሙሉ አቃጠልኩት። አሁን ራሴን ጠላሁ። እንዴት ልነሣ?

ራስሽን መስደብ የሥራ መነሻ ይመስላል እንጂ አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ በካርልተን ዩኒቨርሲቲ በተሠራ ጥናት፣ ለመጀመሪያው ፈተና ሳያጠኑ ቀርተው ራሳቸውን ይቅር ያሉ ተማሪዎች ለቀጣዩ ፈተና ማሳደራቸው ቀንሶ ታይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሥራውን ባሰብሽ ቁጥር ስድቡ አብሮ የሚመጣ ከሆነ ሥራው ራሱ የሚያስጠላ ነገር ይሆናል፣ የሚያስጠላ ነገር ደግሞ ይሸሻል።

ይቅርታ ማለት "ምንም አልሆነም" ማለት አይደለም። "ወሩ ሄዷል፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ የቀረኝ 11 ቀን ነው" ማለት ነው። ከዚያ ከቀረው ጋር የሚመጥን ሥራ ምረጪ። አምስቱን ኮርስ እንደ አዲስ አታንሺ፤ ብዙ ጥያቄ የሚመጣበትን ሁለቱን ያዢ።

ይሄ ሁሉ አልሠራልኝም። ሌላ ነገር ይሆን?

ሊሆን ይችላል። የምትወደውም ነገር ካስጠላህ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባብህ፣ ሳምንታት አልፈው ከአልጋ መነሣት ካቃተህ፣ ያ ሥራ ማሳደር ሳይሆን ድባቴ ሊሆን ይችላል። ከልጅነትህ ጀምሮ አንድ ነገር ላይ መቆየት አቅቶህ ከኖርክም ሐኪም ሊያየው የሚገባ ምክንያት ሊኖር ይችላል። ባለፉት ዓመታት በጦርነትና በመፈናቀል ያለፈ፣ ሰው የሞተበት፣ ተኩስ እየሰማ ለፈተና የተቀመጠ ሰው ደግሞ "ለምን አላተኩርም?" ብሎ ራሱን ቢወቅስ ፍርዱ ያለ ቦታው ነው።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ጸበል የሚሄድ ሰውም ከጸበሉ ጋር ሐኪም ቢያይ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። በሥራ ቀን ጠዋት ሂድ፣ ካርድ አውጣ። ከቻልህ አብሮህ የሚሄድ ሰው ያዝ፤ ብቻውን የሄደ ሰው ሰልፉን ሲያይ ከበር ሊመለስ ይችላል።